ምርጫዎን እናከብራለን

የጦይባ ምርጫ የደረሰው ቆሎ እየቆላች ሳለች ነው። ሰዓዳ የማድ ቤቱን በር ገፋ አድርጋ፣ «እትዬ ጦይባ፣ በርሽ እየጠራሽ ነው» አለቻት። ጦይባ ምድጃውን አጠፋች፤ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ግቢውን ተሻገረች። የእሷ ክፍል ከግቢው መጨረሻ ናት። ከበሩ በላይ የተለጠፈው አንባቢ ከአንድ ሳሙና አይበልጥም፤ ቀለሙም የአመድ ነው።

«ወይዘሮ ጦይባ ይመር፣ የመጀመሪያው ንባብ ተጠናቋል» አለ አንባቢው፣ በጣም ትሁት በሆነ የሴት ድምፅ። «ምርጫዎ ሂያጅ ነው። ምርጫዎን እናከብራለን።»

«ምኑን መረጥኩ?» አለች ጦይባ።

አንባቢው ያነባል እንጂ አይመልስም። ትንሽ ጠበቀችና በጋለው ምጣድ ላይ ቆሎው እንዳያርባት ተመለሰች።

ድሮ ሰፈር ሊታደስ ሲል ነዋሪው ይጠየቅ ነበር ይባላል። ጠያቂዎች በየቤቱ እየዞሩ «እዚሁ መቅረት ትፈልጋለህ ወይስ ሌላ ቦታ መሄድ?» ይላሉ። መልሱ ግን አስቸገራቸው። ሰው ጠዋት እቀራለሁ ይልና ከሰዓት እሄዳለሁ ይላል። ሚስቱ ፊት ሌላ ነው፣ ጎረቤቱ ፊት ሌላ። የጠያቂው አለባበስ ካማረ ደግሞ ያፍርና የማይፈልገውን ይመርጣል። በመጨረሻ የተማሩ ሰዎች ቁጭ ብለው አጠኑና አንድ ነገር ደረሱበት፦ ሰው የሚመርጠው ኑሮው የሚያስመርጠውን ነው። ገቢውን፣ ቤተሰቡን፣ በሰፈሩ የኖረበትን ዘመን፣ ከጎረቤት ጋር ያለውን ነገር ያወቀ ሁሉ፣ ሰውየው አፉን ሳይከፍት መልሱን ያውቀዋል። ጥናቱ ስህተት አልነበረም፤ እኔን የሚያናድደኝም እሱ ነው። መራጩ ኑሮ ከሆነ ሰውየውን ማድከም ለምን አስፈለገ ተባለና ከየበሩ በላይ አንባቢ ተለጠፈ።

አንባቢው በር በሩን ያነባል። ምን እንደተበሰለ፣ ማን እንደገባ፣ ማንን እንዳሳለው፣ መብራቱ መቼ እንደጠፋ። በመጀመሪያው ዓመት ጾምን ችግር አድርጎ አንብቦት ነበርና ከሁዳዴ በኋላ ግማሹ ከተማ፣ ከረመዳን በኋላ ደግሞ ሌላው ግማሽ ሂያጅ ሆኖ ተገኘ። ሼሆቹና ቄሶቹ አብረው ሄደው ጮሁና ታረመ። ከዚያ ወዲህ ንባቡ እንከን የለውም ይባላል።

ቀሪ የሆነ ሰው ሰፈሩ ፈርሶ በቦታው በሚቆመው ሕንጻ ላይ ቤት ያገኛል። ሂያጅ የሆነ ከኮምቦልቻ ወዲያ ቆላው ላይ ወደተሠራው ለምለም መንደር ይወርዳል። ስሙ ለምለም ነው፣ የደሴ ሰው ግን «ታች» ነው የሚለው። ታች ቤቱ ሰፊ ነው፣ ቀለብ ይሰፈራል፣ ውሃውም አይቋረጥም። ጦይባ ግን የምትኖረው መናኸሪያው በር ላይ ቆሎ ሸጣ ነው፤ ቆሎዋን ደግሞ የሚሸጥላት የደሴ ብርድ ነው። ጠዋት ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ሲወርድ ተሳፋሪው እጁን ለማሞቅ ሲል ብቻ ይገዛታል። ታች በዚያ ሙቀት ትኩስ ቆሎ ማን ይጨብጣል? ይህ አንዱ ነው። ሌላው ሰዓዳ ናት፣ የሰዓዳ ልጆች ናቸው፣ ጋሽ ወንድይፍራው ናቸው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ጦይባ ብቻዋን በልታ አታውቅም።

በሳምንቱ ትህትና መጣች። ትህትና የንባብ አስረጂ ናት፤ ሥራዋ ሰው የመረጠውን ነገር ለራሱ ለሰውየው ማስረዳት ነው። ወጣት፣ ጨዋ፣ ውሃ እንኳ ሲሰጧት በሁለት እጇ የምትቀበል ልጅ ናት። ግቢው ሊጠላት ሞክሮ አልሆነለትም።

«እማማ፣ ቤትዎ ምግብ አይበሰልበትም» አለች። «እንግዳ አይገባበትም። መብራቱ የሚበራው ለመተኛት ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ቤት ያለው ሰው መሄድን ነው የሚመርጠው። ሰፈሩ አልያዘውማ።»

«እኔ እኮ ውዬ የማመሸው ሰዓዳ ቤት ነው። የምበላውም እዚያው ነው።»

«አዎ፣ እሱ በሰዓዳ በር ተነቧል።»

«ቆሎዬስ?»

«ማድ ቤቱም የሚነበበው በሰዓዳ በር ነው።»

«ለካ ነጋዴ ሆነናል» ብሎ ሳቀ የሰዓዳ ባል እንድሪስ። እንድሪስ የሚኒባስ ረዳት ነው። ሚኒባሱ ያለ ሾፌር መሄድ ከጀመረ ቆይቷል፣ ረዳቱ ግን አልቀረም፤ ደሴ ላይ ሰው ካልተጠራ አይሳፈርም።

«ቅሬውንስ አንብባችሁታል?» አሉ ጋሽ ወንድይፍራው። ጋሽ ወንድይፍራው ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ፣ የሰፈሩም የቅሬ ዳኛ ናቸው፤ ሙስሊምም ይሁን ክርስቲያን፣ ሰው ሲሞት የለቅሶውን ድንኳን የሚያስተክሉት እሳቸው ናቸው። «ይህች ሴትዮ ከማንም ለቅሶ ቀርታ አታውቅም።»

ትህትና አፈረች። «ድንኳኑ የሚተከለው ሜዳ ላይ ነው፣ አባባ። ሜዳ በር የለውም። በር የሌለው ነገር አይነበብም።»

ገና ሁለተኛ ንባብ እንዳለ፣ የመጨረሻውና የሚጸናው ግን ሦስተኛው እንደሆነ ነገረቻቸው። ምርጫቸውን እንደምታከብርም ተናግራ ሄደች።

ያን ቀን ከሰዓት ሁሉም ሰዓዳ ቤት ተሰበሰቡ። ብዙም አልተከራከሩም። ጋሽ ወንድይፍራው፣ «ቤቷ ባዶ ነው ካሉ እንሙላዋ» አሉ፤ በዚያው ተወሰነ። ከነገ ጀምሮ ድስቱ የሚጣደው ጦይባ ቤት ነው፣ ልጆቹ የሚያጠኑት ጦይባ ቤት ነው፣ እንግዳ ከመጣም የሚገባው በጦይባ በር ነው። የራሳቸው ቤት ምን ሆኖ እንደሚነበብ የጠየቀ የለም። አልታያቸውም ማለት አይደለም። ሰዓዳ ታይቷታል፤ ገና ባሏ ብድግ ብሎ ምድጃውን ሲነቅል ታይቷታል። ግን እንዲህ ያለ ነገር በዚያ ሰዓት እንዴት ይነገራል? ጦይባ ፊት «የእኛስ ቤት?» ማለት ነውር ነው። ይሉኝታ ያዛትና ምድጃውን በአንድ በኩል አነሳችለት።

ክረምቱ እንዲህ ገባ። የጦይባ ክፍል አልጋ ከገባባት በኋላ ለመቆሚያ የሚተርፍ ብዙ ቦታ የላትም። አሁን እንድሪስ ጉልበቱን አገጩ ሥር አጥፎ ይበላል። ሁለቱ ልጆች አልጋ ላይ ሆነው ያጠናሉ፤ ትንሿ ጫማዋን ሳታወልቅ ትወጣና ይቆጧታል። ጋሽ ወንድይፍራው ወንበራቸውንና ሬዲዮናቸውን ይዘው መጡ፤ ከሬዲዮው በቀር ሌላው ሁሉ ዝም እንዲልም ይፈልጋሉ። የሰፈሩ ሰው ነገሩን ሰምቶ ጦይባን ሳትታመም ሊጠይቃት ይመጣ ጀመር። አንባቢው እንዳይሳሳት ብሎ ደፉ ላይ ቆሞ ስሙን ከነአባቱ ጮክ ብሎ የሚናገርም ነበረ።

ጦይባ ደስ ብሏት ነበር። ይህን መደበቅ አያስፈልግም። እግር በበዛበት ወለል ላይ ተቀምጣ ሽሮውን ስታማስል ታንጎራጉር ነበር። ሁሉም ተነስተው ሲሄዱ ክፍሉ ሞቆ ይቆያል፣ እሷም በዚያ ሙቀት ትተኛለች። የሰዓዳ ቤት ግን እየቀዘቀዘ ሄደ። ሰዓዳ ለመኝታ ስትመለስ ግድግዳው እርጥበት ጀምሮት ታገኘዋለች፣ ለማንም ግን አትናገርም።

ሁለተኛው ንባብ በአንድ ጠዋት፣ በሁሉም በር ላይ አከታትሎ ደረሰ። «ወይዘሮ ጦይባ ይመር፣ ምርጫዎ ቀሪ ነው።» ልጆቹ አጨበጨቡ። ጭብጨባው ሳያልቅ ከግቢው ወዲያ የሰዓዳ በር ተናገረ፤ ከእሱ ቀጥሎ የጋሽ ወንድይፍራው። ሂያጅ። ሂያጅ። ምርጫዎን እናከብራለን።

ትህትና እንደገና መጣች። «ቤቶቹ ባዶ ናቸው» አለች፤ በዚህ ጊዜ ወለል ወለሉን ነው የምታየው። ታች ቢወርዱም አብረው እንደማይሆኑ አስረዳች፤ ምደባው በየንባቡ ስለሆነ ጋሽ ወንድይፍራው ሌላ ብሎክ ነው የሚደርሳቸው።

«ተራ ብንገባስ?» አለ እንድሪስ። «ዛሬ እኛ ቤት፣ ነገ እሳቸው ቤት፣ ከነገ ወዲያ እትዬ ጦይባ ጋ።»

«ሌላ ሰፈር ሞክረውት ነበር» አለች። «ኑሮው ከቤት ቤት ሲዞር ሁሉም ቤት ያልተረጋጋ ሆኖ ይነበባል። ያልተረጋጋ ደግሞ ሂያጅ ነው።» ልትወጣ ስትል ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የሚቀረው በየቤቱ የሚበላ ሰው ነው።» ይህን መናገር እንዳልተፈቀደላት ከአነጋገሯ ያስታውቃል።

ከሄደች በኋላ ክፍሉ ውስጥ የተቀመጠው ሁሉ የራሱን እጅ ያይ ነበር።

«አስቤው ነበር» አለች ሰዓዳ።

«ምኑን?» አለ እንድሪስ።

«ይኼን። ያን ቀን ምድጃውን ስትነቅል።»

«ታዲያ አፍ የለሽም?»

«እንዴት ብዬ? እትዬ ጦይባ ፊት እንዴት ብዬ ልናገር?»

እንድሪስ ተነስቶ ወጣ፣ የሚሄድበት አጥቶ ተመልሶ ገባ። ታች ሰው የሚጓዘው በባቡር ነው፤ ባቡር ረዳት አይፈልግም። የልጆቹ ትምህርት ቤት ከግቢው መንገድ ተሻግሮ ነው፤ ከታች ተመላልሶ የሚማር የለም። ይህን ሁሉ ያውቃል፣ አንዱንም ግን አላነሳም። ጋሽ ወንድይፍራው ሬዲዮናቸውን ከፈቱ፣ መልሰው ዘጉት።

«በየቤታችሁ ብሉ» አለች ጦይባ። «ልጅቷ ነግራችኋለች እኮ። እኔ ድስት ለብቻዬ ብጥድም ሰው የማይገባበት ቤት አያስቀረኝም። እሄዳለሁ።»

«ሁለተኛ እንዲህ ብለሽ እንዳትናገሪ» አሉ ጋሽ ወንድይፍራው።

«ነገም ድስቱ የሚጣደው እዚሁ ነው» አለች ሰዓዳ። «የሆነው ይሁን።» ይህን ስትል ግን ዓይኗን ጦይባ ላይ ማሳረፍ አልቻለችም፤ ጦይባም አየቻት።

ያኔ ጦይባ አንድ ነገር ገባት። እነዚህ ሰዎች ደጇን በፍላጎታቸው አይተዉም። መተው ነውር ነው፣ ነውር ደግሞ ከእነሱ አይገኝም። በሯ ክፍት እስከሆነ ድረስ ድስታቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ እየመጡም ቤታቸውን ያጣሉ።

በማግስቱ አሮጌ ዕቃ ተራ ሄዳ ጓጉንቸር ፈለገች። በሮች ፊት አይተው መከፈት ከጀመሩ ወዲህ ጓጉንቸር የሚገዛ የለም። የጦይባ በር የግቢውን ሰው ሁሉ ፊት ያውቃል፤ ሰዓዳ ብትመጣ ይከፈትላታል፣ የሰዓዳ ልጆች ቢመጡ ይከፈትላቸዋል። ነጋዴው ከዝገት መካከል አንድ አወጣላትና፣ «ለጌጥ ነው?» አላት።

«ለበር ነው» አለችው።

ወደ ግቢ ስትመለስ ሁሉም እንደወጡ ነበር። የሰዓዳን ምድጃ አውጥታ ሰዓዳ ደጅ፣ የጋሽ ወንድይፍራውን ወንበርና ሬዲዮ እሳቸው ደጅ አስቀመጠች። ጓጉንቸሩ የሚገባበትን ቀለበት ራሷ በመዶሻ መታች። እስከዚያ ቀን ድረስ በር ቆልፋ ስለማታውቅ ቁልፉን ወዴት እንደሚያዞሩት ጠፋባት፤ ሁለት ጊዜ ሞክራ ሆነላትና ወደ መናኸሪያው ወረደች።

ሰዓዳ የተከተፈ ሽንኩርት በሳህን ይዛ ግቢውን ስትሻገር ከበሩ ላይ የተንጠለጠለውን ነገር አየች። ሳህኑን ደፉ ላይ አስቀምጣ ጓጉንቸሩን ጎተተችው። እንደማይከፈት እያወቀች ደግማ ጎተተችው።

ጦይባ ሲመሽ ተመለሰች። ገብታ ከውስጥ ቀረቀረች፤ መብራትም አላበራችም። ወዲያው በሩ ተንኳኳ። በዚያ ግቢ በር ማንኳኳት አልተለመደም፤ ዝም ብሎ ይገባል።

«እትዬ ጦይባ፣ እንዳለሽ አውቃለሁ» አለች ሰዓዳ።

ሰዓዳ ደግማ አንኳኳች።

«ምን በደልንሽ?»

ጦይባ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ሻሿን አፏ ላይ ይዛ ነበር። አንድ ቃል ብትመልስ በሩን እንደምትከፍተው ታውቃለች፤ በሩ ከተከፈተ ድስቱ ይመጣል። ከበሩ በላይ አንባቢው፣ አንኳኩተው እንዳልተከፈተ እያነበበ ነው።

ሰዓዳ ብዙ ቆመች። ከዚያ የተመለሰላትን ምድጃ አሰበችና ገባት። ግንባሯን ሳንቃው ላይ አስደገፈች፤ አንባቢው እንዳይሰማት በሹክሹክታ፣ «እሺ፣ ገብቶኛል» አለች። ቤቷ ተመልሳ ምድጃውን ለኮሰች። ያን ምሽት የሰዓዳ ቤት መብራቱ በራ፣ ድስቱ ተጣደ፣ ልጆቹ በሉ። ሰዓዳ እያለቀሰች ነው ያበሰለችው። እንድሪስ አልበላም። ጋሽ ወንድይፍራው ወንበራቸውን ወደ ውስጥ አስገብተው ለብቻቸው ሬዲዮ ሰሙ።

ከዚያ ወዲህ ያለው ጊዜ ለማንም ደስ የሚል አልነበረም። ግቢው በየበሩ ኖረ። ድስቱ ሁለት ቦታ ይጣዳል፣ ሽታውም ሁለት ዓይነት ነው፤ የጦይባ ቤት ግን እሳት የለበትም። ሰዎች ሲተላለፉ አንገታቸውን ደፋ አድርገው ያልፋሉ፤ ቆም ብሎ ማውራት ያስፈራቸዋል፣ ምን ተብሎ እንደሚነበብ አያውቁማ። ትንሿ ልጅ፣ «እማማ ጦይባ ተቆጥታናለች?» ብላ ጠየቀች። ሰዓዳ፣ «አዎ» አለቻት። ሌላውን መልስ ለልጅ ማስረዳት አልቻለችም።

የመጨረሻው ንባብ ደረሰ። እነሰዓዳ ቀሪ ሆኑ። ጋሽ ወንድይፍራው ቀሪ ሆኑ።

«ወይዘሮ ጦይባ ይመር» አለ የጦይባ በር፣ «ምርጫዎ ሂያጅ ነው። ምርጫዎን እናከብራለን።»

ጦይባ ቀና ብላ አየችው። «ተባረክ» አለችው። ያ ዕቃ ያንን ቃል በከተማው በስንት በር ላይ እንደተናገረው አላውቅም። እውነት ሆኖለት የተናገረው ግን ያን ጠዋት ይመስለኛል።

ታች የተወረደው በባቡር ነው። ከሐረጎ ቁልቁለት ጀምሮ ሙቀቱ ሲመጣ ጦይባ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። አጠገቧ የተቀመጠው ሰውዬም ያለቅስ ስለነበር ማንም አልተሳቀቀም።

አዲሱ ቤቷ ሁለት ክፍል አለው። ከበሩ በላይ ሳሙና የምታክለው ግራጫ ነገር ቀድማት ተለጥፋለች። በሩ የሚከፈተው ወደ ረጅም ኮሪደር ነው፤ ግራና ቀኙ በር ብቻ ነው፣ ከየበሩ በላይም አንባቢ አለ። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ሰው በየቤቱ በር ዘግቶ ሲበላ የማንኪያው ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር። ሁሉም እንደ እሷ የተነበበ፣ ከእሷ በተለየ ግን የተነበበበትን ምክንያት የማያውቅ ሰው ነው። አንድ ቀን ጦይባ ያ ዝምታ አላስቀምጥ አላትና ምድጃዋን አውጥታ ኮሪደሩ መካከል አስቀመጠች። ኮሪደሩ የማንም አይደለም። በር የለውም።

ገብሱ መፈንዳት ሲጀምር በሮች ተከፈቱ። መጀመሪያ አንዲት ሴት አንገቷን ብቅ አድርጋ አየችና ተመለሰች። ቆየት ብላ በርጩማ ይዛ መጣች። በዚያ ሙቀት ቆሎ የሚገዛ የለም፤ ያሰበችው ልክ ነበር። የሚበላ ግን አለ። አሁን ማታ ማታ ኮሪደሩ ግድግዳ ሥር ቁጭ ያለ ሰው ይሞላዋል፣ ሳህን ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። ጋሽ ወንድይፍራው ቢኖሩ ዝም በሉ ይሏቸው ነበር።

ሰዓዳ አልመጣችም። መምጣት አትችልም። ሦስተኛው ንባብ የሚያጸናው ሂያጅን ነው፤ ሕንጻው ተሠርቶ እስኪያልቅ የቀሪዎቹ ንባብ አይቆምም፣ ቤቱን ባዶ አድርጎ የሚወርድ ሰው ደግሞ ምን እንደሚሆን ሁሉም ያውቃል። ጦይባ ይህን ታውቃለች። ማወቋ ግን መናፈቋን አላስቀረውም። ያ የተንኳኳ በር ትዝ ሲላት ቆሎ ማማሰሏን ትረሳለች፣ ገብሱም ያርባታል።

ትህትና የመጣችው ለእርካታ ጥያቄ ነው። ሂያጆች ከወረዱ በኋላ ይጠየቃሉ፤ በዚህ ሁሉ ነገር ውስጥ ሰው በአፉ የሚጠየቀው ያን ጊዜ ብቻ ነው። የሰውን እግር እየዘለለች ኮሪደሩን አቋርጣ ጦይባ ፊት ቁጢጥ አለች።

«በምርጫዎ ረክተዋል፣ እማማ?»

«የመረጥኩት እኔ ነኝ» አለች ጦይባ።

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉት» አለች ትህትና፣ ተደስታ። ከዚያ ቀና ብላ በሩን አየች። «ቤትዎ ግን አሁንም ባዶ ነው ይላል። ምግብ አይበሰልበትም። ሰው አይገባበትም።»

«ይበል።»

ትህትና ግራና ቀኝ የተቀመጠውን ሰው ሁሉ አየች። ጦይባ ከምጣዱ ዘግና እጇን እንድትዘረጋ በአገጯ ጠቆመቻት። ልጅቷ እንደልማዷ ሁለቱንም ዘረጋች።

«ነገ ደሴ ነሽ?»

«አዎ።»

«ሰዓዳን ንገሪልኝ። ጓጉንቸሩን ጥዬዋለሁ በያት።»

«ይኼ ከጥያቄው ውስጥ የለም» አለች ትህትና። ቆሎው እጇን ፈጅቷት ከአንዱ መዳፍ ወደ ሌላው እያገላበጠችው ነው። ወዲያ ደግሞ ቀስ ብላ፣ «እነግራታለሁ» አለች፤ «በሯ ላይ ሳይሆን ውጭ ጠርቼ።»